ማንኪያውን የማያውቁ ጫጩቶች

የጋውኔን የመጨረሻ ቁልፍ ቆለፍኩና ማንኪያውን ከኪሴ አውጥቼ የዶሮ ቤቱን በር ቆርቆሮ ቀስ ብዬ መታሁ። እንደ ወትሮው ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ገባሁ።

ጫጩቶቹ እንደ ተደፋ ውሃ ወደ ጥጉ ሸሹ። አንዱ በአንዱ ላይ ወጣ፣ በዚያም ላይ ሌላው። የያዝኩትን የውሃ መጠጫ ጥዬ ሮጥኩና ክምሩን በሁለት እጄ መበተን ጀመርኩ። ከሥር የነበሩት ገላቸው ትኩስ ነው፤ ግን አንዳንዶቹ አይተነፍሱም።

ማንኪያው የእኔና የእህቴ ደንብ ነው። የሥጋ ዶሮ እናቱን አያውቃትም። ከመፈልፈያው በካርቶን ይመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያየውንና የሰማውን ነው ዓለም ብሎ የሚይዘው። ስለዚህ እትዬ በግቢዋ ባለው የጫጩት ቤት ስታሳድግልኝ፣ ከመግባቷ በፊት በሩን በማንኪያ ትመታለች። የምትለብሰውም እንደ እኔው ሰማያዊ ጋውን ነው፤ ሁለቱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ማሞቂያው አጠገብ በጨርቅ የተጋረደ፣ ጨለም ያለ ሣጥን አለ፤ ሲደክማቸው የእናት ክንፍ ሥር እንደሚገባ ይገቡበታል። ዝቅ ያለች ቆጥም አለቻቸው። ጠንከር ሲሉ ወደ እኔ ሰፊ ቤት ይመጣሉ። እንዲህ ያደገ ዶሮ ሰው ሲገባ ቀና ይላል እንጂ አይሸሽም። ቆጥ ላይ ይወጣል፣ ሰጋቱራውን ይጭራል፣ ጓደኛውን አይነክስም። ዶሮዎቼን የምሸጥለት ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ከእኔ የሚወስደውም ለዚህ ነው፤ የተቧጨረ ቆዳ ወይም የሰለለ እግር ካየ ይመልሳል። እኔም የስፌት ሥራዬን የተውኩት በዚሁ ተማምኜ ነው። ይህ ዙር ከከሸፈ ተመልሼ ልብስ መስፊያው ፊት መቀመጤ ነው።

እነዚህ የመጡት ትናንት ነው። ቆጡን ቀና ብሎ ያየው የለም። ሰጋቱራውን ትተው አንዱ የሌላውን ጭራ ይለቅማል። መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ። ጋውኑን በሌላ ሳሙና አጠብኩት? በሩን ጠንክሬ መታሁት? ከዚያ ለእትዬ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ጫጩቶቹ ፈሩኝ።»

«መንገዱ አድክሟቸው ነዋ።»

«ማንኪያውን አያውቁትም።»

«የኔ እናት፣ ዶሮ ናቸው እኮ። በስሜ ካልጠሩኝ ብለሽ ነው?» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። እሷ ስትስቅ መሳቅ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ረፋዱ ላይ ጋሪ ነጂው ሰጋቱራ ይዞልኝ መጣ። ጫጩቶቹን ከእትዬ ግቢ ያመጣልኝም እሱ ነው። ባልዲው ውስጥ የሞቱትን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«ድሮም እነዚህ ነገረኞች ናቸው» አለ። «መንገዱን ሁሉ ሲንጫጩ ፈረሴን አስበረገጉት። የሙሽራውን ስጭን ግን አስተማሪ ፊት እንደ ቆመ ተማሪ ጭጭ። አንዷማ ትከሻዬ ላይ ወጥታ ነው የሄደችው። ሂሳብ ክፈይ ብላት ዞር ብላም አላየችኝ።»

«የቱ ሙሽራ?»

«የእህትሽ ልጅ ባል ነዋ። ዶሮ ጀመረ አይደል? ከፊተኛው ክፍል አውጥታ ነው የሰጠችው። ያንቺን ከጓሮ ጫንን።» ፊቴን አየና ጆንያውን ማራገፍ ጀመረ። «እኔ እንግዲህ የጫኑብኝን ነው የማደርሰው።»

የፊተኛው ክፍል የእኔ ጫጩቶች የሚያድጉበት ነው። ሣጥኑም ቆጡም ያሉት እዚያ ነው። የጓሮው ሲሚንቶ ወለሉ ባዶ የሆነ ጠባብ ዕቃ ቤት ነው፤ ቀንም ሌትም አምፖል ይበራበታል። ጫጩቶቹ ሁሉም ነጭ ናቸው፤ በመልክ የሚለያቸው የለም።

ጋውኔን ሳላወልቅ ወደ ሙሽራው ቤት ሄድኩ። ካገባ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። በሩ ላይ ሲያየኝ ደስ አለው።

«አክስቴ፣ ይግቡ። እማማ የሰጡኝን ይዩልኝ። ጨዋነታቸው ከእኔ ይበልጣል።»

የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ማንኪያውን አውጥቼ የሱን በር መታሁ። ከዚያ ገባሁ። አንገቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ከቆጡ ላይ ሁለቱ ወረዱ፤ ሌሎቹ እየተንገዳገዱ መጥተው በቦቴ ዙሪያ ቆሙ። አንዷ የጋውኔን ጫፍ ጎተተች።

«እንዴት አወቁዎት?» አለኝ።

«ማንኪያውን ነው ያወቁት» አልኩትና ወጣሁ።

እትዬ ግቢ ስደርስ ሰማያዊ ጋውኗን ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። እንዳየችኝ እጇ ቆመ።

«እሱ ጋ ሄድሽ?»

«ሄድኩ።»

«ባሏ ሥራ ፈቶ ቤት ሲውል ልጄ ምን እንደምትሆን አላየሽም። የመጀመሪያው እንዲሳካለት ብዬ ነው። አንቺ እጅሽ ለምዷል። እንደ ምንም ታላምጃቸዋለሽ ብዬ።»

«ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።» ጋውኑን አቃናች። «ጠይቄሽ ብትሰጪኝ ቀና ብዬ አላይሽም ነበር።»

«አሁንስ?»

ፊቷን ወደ ገመዱ መለሰች።

«ጠዋት ስደውልልሽ ሳቅሽ፣ እትዬ። እኔ ራሴን ስጠረጥር አንቺ ሳቅሽ።»

«ጋሪ ነጂውን ልጥራው። ዛሬውኑ ይቀያየሩ።»

«እነሱ ምን አጠፉ? እንደገና ሊጫኑ ነው? እነዚያም የለመዱትን ቤት ትተው?»

«እንግዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«ሣጥኑን ስጪኝ። የሚቀጥሉትን ከካርቶን ጀምሬ እኔው ቤት አሳድጋቸዋለሁ።»

ሣጥኑን አውጥታ ከነጨርቁ ሰጠችኝ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ» አለችና ሳቅ ለማለት ሞከረች።

አብሬያት አልሳቅኩም።

ቤት ስደርስ ማንኪያውን መታሁና ሳልገባ ቆየሁ። ደግሜ መታሁ። ከዚያ በእንብርክኬ ገብቼ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ጫጫታው በረድ እስኪል አልተነሳሁም። ቆጡ ላይ ላይወጡ ይችላሉ፤ ያለፉትን ሳምንታት ማንም አይመልስላቸውም። ቢሸሹ እንኳ የሚታፈኑበት ጥግ ግን ሊኖር አይገባም። የድሮ ካርቶኖችን ዘርግቼ ጥጎቹን አንድ በአንድ ክብ አድርጌ ጋረድኩ። መዶሻ ያስደነግጣቸዋልና በሲባጎ ነው ያሰርኩት። በመጨረሻው ጥግ ከካርቶኑ ኋላ ስጎነበስ አንዱ ጫጩት መጥቶ ጀርባውን ወደ እኔ አዙሮ ቆመ። አልነካሁትም። ቋጠሮውን አጠበቅሁ፣ የተረፈውን ሲባጎ በስፌት መቀሴ ቆረጥኩና መቀሱን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።