በጋሼ ጌንጎ ከንፈር ላይ የተሰካው ዝንብ

በኛ ሸለቆ ውስጥ እኔ አስመስዬ የማልሠራው የዓሣ ማጥመጃ የላባ ዝንብ የለም። የየትኛውም ቤተሰብ ዝንብ ይሁን፣ አንድ ጊዜ ካየሁት በቃ። መንጠቆውን በጣቶቼ ይዤ፣ ክሩን ጠምጥሜ፣ ላባውን ወደ ፊት ገልብጬ ሳስረው ባለቤቱ ራሱ «የኔ ነው» ብሎ ባርኔጣው ላይ ይሰካዋል። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ጨፍኜ እንደምሠራም እጨምርበት ነበር።

ያን ቀን ጠዋት የሚሶ ሾርባዬን ፉት እያልኩ ይህንኑ ለአባቴ ስደሰኩርለት ተንሸራታቹ በራችን በርግጫ ከሐዲዱ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ጋሼ ጌንጎ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጫማውን ሳያወልቅ ከነጭቃው ምንጣፉ ላይ ወጣ። እናቴ ሥራ ገብታ ነው እንጂ ይህን ብታይ እሷው ትገድለው ነበር። ግንባሩ ተፈንክቷል። ደሙ በአፍንጫው ግራና ቀኝ ወርዶ አገጩ ላይ ተገናኝቷል። የታችኛው ከንፈሩ ላይ ደግሞ አንድ ዝንብ ተሰክቶ ይወዛወዛል።

«መቱኝ!» አለ። «ወንድሜ፣ መቱኝ! እነ ቶዮ!»

አባቴ የሩዙን ሳህን አስቀምጦ ተነሳ። ጮሆ አያውቅም፤ እሱ የሚፈራው ዝም ሲል ነው። የጋሼ ጌንጎን አገጭ ጨብጦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ዝንቡን መረመረ። ላባው ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ቡናማ፣ ወደ ፊት የተገለበጠ። ሆዱ ዜንማይ ከሚባለው የሚበላ የዱር ተክል ቡቃያ ላይ በሚለቀመው ጥጥ የተጠቀለለ፣ ዝገት የመሰለ። ሲባጎው የሚገባበት ቀለበት ቀይ ሐር። በሸለቆው ውስጥ ቀለበቱን በቀይ ሐር የሚያስር ቤት አንድ ብቻ ነው።

«የቶዮ ነው» አለ አባቴ።

«የቶዮ ነዋ! በላይኛው መንገድ በሰላም እያለፍኩ፣ ያ የልጅ ልጇ፣ ያ ሬይጂ፣ ከኋላዬ መጥቶ በድንጋይ! ስወድቅ ደግሞ በማጥመጃ ዘንጉ እንደ በሬ ገረፈኝ። ይኸው!» ብሎ ከንፈሩን ዘረጋልን።

እኔን ሾርባው ትን አለኝ። ያ ዝንብ የቶዮ አልነበረም። የኔ ነበር።

ከትናንት ወዲያ ጋሼ ጌንጎ «እስቲ አንቺ ጉረኛ፣ የቶዮን ዝንብ ሠርተሽ አሳዪኝ» ብሎ በሁለት ቸኮሌት ተወራርዶኝ ነበር። ሠርቼ ሰጠሁት፤ ቸኮሌቱንም በላሁ። ፏፏቴው ሥር ያለው ኩሬ የእነ ቶዮ ነው። እዚያ የሚኖረው ኢዋና የሚባለው ነጠብጣብ ዓሣ ከቶዮ ዝንብ በቀር ሌላ አይነካም ይባላል። ጋሼ ጌንጎ ደግሞ በዚያ ባለፈ ቁጥር ምራቁን የሚውጥ ሰው ነው። ስለዚህ ሲነጋጋ የት እንደነበረ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ሊሰርቅ ወርዶ፣ አረንጓዴ የለበሰው ድንጋይ አንሸራቶት፣ ራሱን ፈንክቶ ራሱን አጥምዷል።

«አባዬ፣ ይሄ ዝንብ እኮ...» አልኩ።

ጋሼ ጌንጎ አየኝ። በአንድ ዓይኑ፤ ሌላውን ደም ጋርዶታል። አንዱም በቃኝ።

የኛ ሸለቆ ሕግ አጭር ነው። በሌላው ላይ ደም ያፈሰሰ ቤት ኩሬውን ለዓመት ለተጎዳው ቤት ይለቃል። ኩሬ የሌለው ደግሞ ለፍል ውሃው ሆቴል የሚያቀርበው ዓሣ አይኖረውም። እማማ ቶዮና ሬይጂ ከዚያ ኩሬ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ጋሼ ጌንጎ ይህንን አሳምሮ ያውቃል።

«ፒንሳ ላምጣና ላውጣልህ» አለው አባቴ።

«እንዳትነካው! ማስረጃ ነው። ራሷ በዓይኗ ትየው።»

አባቴ ከግድግዳው ገጀራውን አወረደ። እኔን «ቤት ቆዪ» አለኝ። ቤት ቆይቼ ስለማላውቅ ትንሿ ፒካፕ መኪናችን የዕቃ መጫኛ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ጋሼ ጌንጎም ሊጠብቀኝ መሆኑ ነው፣ ከጎኔ ተቀመጠ። መኪናው እንደተነሳ እጄን ያዘ።

«እነዚህ ጣቶች ያስፈልጉሻል አይደል፣ ቺዙሩ?»

«ያስፈልጉኛል።»

«እንግዲያው አፍሽን ዝጊ።» ትንሿን ጣቴን ወደ ኋላ ቆለመማት። ቀጭ አለች። «ብትጮኺ የሚቀጥለውን እጨምርልሻለሁ።»

አልጮህኩም። ወደ ተራራው እያየሁ የማውቀውን ስድብ ሁሉ በሆዴ አወረድኩበት፤ ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

እማማ ቶዮ ግቢዋ ውስጥ ሰሌን ላይ ተንበርክካ የተቀቀለ ዜንማይ በመዳፏ እያሸች ታሰጣለች። ከቡቃያው የለቀመችው ቀይ ጥጥ ከጎኗ ተከምሯል። ሬይጂ እንጨት ይፈልጣል። ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ ክንዱ የኔን ወገብ ያክላል።

«ቶዮ» አለ አባቴ። ፊት ለፊት እማማ ሳይል ሲጠራት ሰምቼው አላውቅም። «የወንድሜን ከንፈር እይ።»

ቀና ብላ አየች።

«የኔ አይደለም» አለች።

«ሌባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው!» ጋሼ ጌንጎ ጮኸ። «ያንቺ ጎረምሳ ነው የመታኝ!»

ሬይጂ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክቶ ሳቀ። «አንተን ለመምታት ምን አደከመኝ? ዝም ብለው ቢተውህ በራስህ የምትወድቅ ሰው አይደለህ እንዴ?»

ጋሼ ጌንጎ ሰሌኑን በርግጫ አነሳው። ትኩሱ ዜንማይ የእማማ ቶዮን ፊት መታው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሆነ። ሬይጂ ዘሎ አፍንጫው ላይ አሳረፈበት፤ ጋሼ ጌንጎ እንጨቱ ክምር ላይ በጀርባው ተከሰከሰ። አባቴ በገጀራው ጀርባ የሬይጂን ትከሻ ሲለው ድምፁ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። ሬይጂ ግን አልወደቀም። አባቴን ወገቡን አንቆ ይዞት ጭቃው ውስጥ ገቡ። ጆሮውን ነከሰው፤ አባቴ በክርኑ ጥርሱን መታው። እየተንከባለሉ ሰሌኑን፣ ጥጡን፣ ዜንማዩን ሁሉ አቦኩት። በመጨረሻ አባቴ ከላይ ሆነ። በጉልበቱ ደረቱን፣ በእጁ ጉሮሮውን ያዘው። ጋሼ ጌንጎ ተነሳና ጎኑን በርግጫ አለው። ደገመው። እማማ ቶዮ በፍልጥ ጀርባውን ብትለው ገፍትሮ ጣላት።

«ኩሬውን ለቅቄያለሁ በይ!» አላት። «በይና ይለቅልሻል!»

ሬይጂ ሊያስል ፈልጎ አቃተው። ፊቱ ቀልቶ ነበር፣ አሁን መጥቆር ጀመረ። እግሩ ጭቃውን ይፍቃል።

«ዝንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቺዙሩ፣ መኪናው ውስጥ ግቢ» አለ አባቴ፣ ዞር እንኳ ሳይል።

«እኔ ነኝ! ለጋሼ ጌንጎ ነው የሠራሁለት! በሁለት ቸኮሌት!»

«አንቺ?» ጋሼ ጌንጎ ሳቀ፤ ዝንቡም ከንፈሩ ላይ አብሮት ሳቀ። «ወንድሜ፣ እስቲ እየው። ይሄ የውርጋጥ ሥራ ይመስላል?»

አባቴ ቀና ብሎ ዝንቡን አየ። «አንቺ እንዲህ አድርገሽ አትሠሪም» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የነደድኩት። ሥራዬ በማማሩ እውነቴ ውሸት ሆኖ አረፈው! ጣቴ የተሰበረውም፣ ሬይጂ የሚታነቀውም አንድ ላይ ሆኖ ጭንቅላቴ ውስጥ ፈላ።

«አትሠሪም? ቆይ!»

መንጠቆ፣ ክርና ቀይ ሐር የማኖርባት የከረሜላ ቆርቆሮ ከኪሴ አትለይም። አወጣኋት። ጥጡን ከተረገጠው ሰሌን ላይ ለቀምኩ። የእማማ ቶዮ አውራ ዶሮ ጠቡን ሸሽቶ እንጨቱ ሥር ተወሽቋል፤ አንገቱን ያዝኩና አንድ ላባ ነጨሁ። እሱም በመንቁሩ ከእጄ ሥጋ ነጨ። ተመጣጠንን።

ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ቀዩን ሐር አጥፌ ቀለበት አደረግኩና መንጠቆው ጀርባ ላይ አጋደምኩት። የክሩን ጫፍ በጥርሴ ይዤ ጠመጠምኩ። ትንሿ ጣቴ አብጣ ቋሊማ መስላለች፤ ክሩ በነካት ቁጥር ዓይኔ ይጨልማል።

«ምን እያደረገች ነው?» ጋሼ ጌንጎ ወደኔ መጣ። «አንቺ! ስጪኝ ያንን!»

ሁለት እርምጃ ሲቀረው እማማ ቶዮ ተኝታ እንዳለች ቁርጭምጭሚቱን በፍልጥ አለችው። በጉልበቱ ወደቀ።

«ተዋት፣ ትሥራ» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «አንቺም ፍጠኚ፣ ልጄ ሞተ» አለችኝ።

ፈጠንኩ። ጥጡን በምራቄ አርሼ ክሩ ላይ አንከባለልኩና ሆዱን ሞላሁ። ላባውን ከሥሩ ይዤ ዙሪያውን አዞርኩ፣ ወደ ፊት ገለበጥኩ፣ ቋጠርኩ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ቀና ስል አባቴ ሬይጂን ረስቶ እጄን እያየ ነበር። ጉሮሮው ላይ ያለው መዳፉ ላልቷል። ሬይጂ እንደ ዓሣ አፉን ከፍቶ አየሩን ይጎትታል።

«ይኸው» አልኩና ወረወርኩለት።

አባቴ ተነስቶ ወደ ጋሼ ጌንጎ ሄደ። «ፒንሳ...» ሲል ጋሼ ጌንጎ፣ አባቴ ዝንቡን በጣቱ ያዘና ሳበው። መንጠቆው ሥጋ ይዞ ወጣ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰው ከሚታረድ አሳማ ነው የሚሰማው። አባቴ ሁለቱን ዝንቦች መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በአንዱ ላይ የጋሼ ጌንጎ ደም አለ፣ በሌላው የኔ። ከዚያ ውጭ መንታ ነበሩ።

«ጌንጎ» አለ አባቴ።

«ወንድሜ፣ ድንጋዩ አንሸራተተኝ... ኋላ ሳስበው፣ ለኛም ቤት ይጠቅማል ብዬ...»

የመጀመሪያው ቡጢ ጥርሱን አወለቀው። ሁለተኛው ሰሌኑ ላይ አስተኛው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልቆጠርኩም። አባቴ የቆመው ሬይጂ እያሳለ «በቃ፣ ጋሼ! ግቢያችንን ቄራ አደረጋችሁት እኮ!» ሲለው ነው።

አባቴ እማማ ቶዮ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን ጭቃው ላይ አደረገ። ከጆሮው ደም ይንጠባጠባል።

«እማማ ቶዮ» አለ። «ደም ያፈሰስነው እኛ ነን። ድልድዩ ሥር ያለው ኩሬያችን ዘንድሮ የእናንተ ነው።»

እሷም ዓይኗ ላይ የተለጠፈውን ቅጠል አነሳች። «ኩሬውን እቀበላለሁ» አለች። «ዜንማዩንም ለቅማችሁ አጥባችሁ ታመጡልኛላችሁ። መጀመሪያ ግን የልጅቷን ጣት እሰሩላት።»

እና ሁላችንም ተንበርክከን ለቀምን። ጋሼ ጌንጎ በአንድ እጁ አፉን ይዞ በሌላው ይለቅማል፤ ማንም አላናገረውም። ዘንድሮ ኩሬ የለንም። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ምን እንደምትል ማሰብ አልፈለግኩም። እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። ሁለቱን ዝንቦች አባቴ ከጣለበት አንስቼ ወደ እማማ ቶዮ ተጠጋሁ።

«እማማ፣ የሆነው ሆኗል። ግን እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከእርስዎ ሥራ ይለያሉ?»

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አንዱን አነሳች። «እኔ የምበላው በየትኛው እጄ ነው?» አለችኝ።

«እ?»

«በአጥር ቀዳዳ እያየሽኝ ነው ያደግሽው። በየትኛው?»

እጇን አየሁ። ዝንቡን የያዘችው በግራዋ ነበር።

«ግራኝ ነኝ» አለች። «የኔ ክር የሚዞረው ወደ ግራ ነው፣ ያንቺ ወደ ቀኝ። ሆዱንም ቋጥኝ አሳክለሽዋል። ገና ከመኪናው ሲወርድ አይቼ አውቄዋለሁ።»

«ግን አባዬ እንኳ አልለየውም!»

«አባትሽ ዓሣ አይደለም። በዚህ ዝንብ የሚያዘው አጎትሽ ብቻ ነው።»