ፈይሩዝ ያስጎበኘችኝ ከተማ

አባታችን ሐሙስ ዕለት ወራቤ ውስጥ በኮሮና ሞተ። እኔ መርዶውን የሰማሁት እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ፣ ሱቄ ውስጥ ነው። ታናሽ እህቴ ፈይሩዝ ግን አልሰማችም። ሀንጋሪ ውስጥ ኤገር በምትባል ትንሽ ከተማ ትማራለች፤ የምታውቀው አንድም ሐበሻ እዚያ የለም። አባታችን መታመሙን ታውቃለች፤ እየተሻለው ነው ብለናታል።

በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳው። ክፍሏ ውስጥ ለብቻዋ ሰምታ ራሷን ብትጥል ማን ያነሳታል?

ጎረቤቴን ከቢርን አማከርኩት። ከቢር በሎኬሽኑ፣ በዚህ የጥቁሮች ሰፈር፣ ካለነው ሐበሻ ነጋዴዎች በዕድሜ ትልቁ ነው፤ ቃሉ አይታለፍም። ቡዳፔስት የምትማር፣ ፈይሩዝም የምታውቃት፣ ሰአዳ የምትባል የአገራችን ልጅ አራት ጓደኞቿን ይዛ ቅዳሜ በባቡር ትሄድላታለች ተባለ። እኔ ደግሞ እስኪደርሱ ፈይሩዝን መሀል ከተማ ላይ አቆያታለሁ፤ የት እንዳለችም ለሰአዳ እጽፍላታለሁ።

"በምን ላቆያት?" አልኩት።

"ከተማውን አስጎብኚኝ በላት። ሥራዋ አይደል?"

ሥራዋ ነበር። ኮሮና ሳይመጣ በፊት በእረፍቷ ቱሪስት በእግር እያዞረች ታስጎበኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ "ጋሼ፣ አንድ ቀን በቪዲዮ ላሳይህ" ስትለኝ፣ "ደንበኛ አለ፣ በኋላ" እያልኩ አሳልፌያታለሁ። አሁን ራሴ ስጠይቃት ደስታዋ ከድምጿ ይሰማ ነበር። እስካሁን የሚበላኝ ያ ደስታዋ ነው።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የብረት ፍርግርጉን ዘግቼ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጥኩ። በአንዱ ስልክ ፈይሩዝ አለች፣ በሌላው የሰአዳን መልእክት እጠብቃለሁ። እዚህ ብርድ ነው፤ እዚያ በጋ ነው፣ ሰዉ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ አይስክሬም ይልሳል።

"እየቀዳኸው ነው?" አለችኝ። "ለአባዬ ትልክለታለህ። ሲሻለው ያየዋል።"

"እየቀዳሁ ነው" አልኳት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ውሸት ግን እያደር ይወፍር ነበር።

ትልቁን ቤተ ክርስቲያን፣ አደባባዩን፣ ድሮ ቱርኮች የከበቡትን ግንብ አሳየችኝ። ድንጋይ በተነጠፈባቸው ጠባብ መንገዶች ስትሄድ እያለከለከች "እዚህ ጋ ልብ በል" ትለኛለች። እኔ "እሺ፣ እሺ" እላለሁ፣ ዓይኔ ሌላው ስልክ ላይ ነው። "ባቡሩ ዘግይቷል" ብላ ሰአዳ ጻፈች።

አንድ ደንበኛ ፍርግርጉን አንኳኳ። "ማይፍሬንድ፣ ዳቦ!"

"ሽጥለት፣ እጠብቅሃለሁ" አለች ፈይሩዝ።

"ዛሬ ላንቺ ነው" አልኳት። ይህን በማለቴ በራሴ አፈርኩ።

መጨረሻ ላይ ሚናራው ሥር ደረሰች። መስጊዱ ፈርሶ እሱ ብቻ ቀርቷል። ስንት ጎን እንዳለው፣ ስንት ደረጃ እንዳለው ነገረችኝ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረች።

"አባዬ፣ ስትድን እዚህ አመጣሃለሁ። ደረጃው ከከበደህ ከታች ቆመህ ታየዋለህ።"

አላስቻለኝም፤ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። በሌላው ስልክ "ደረስን" የሚል መልእክት ገባ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ከመንገዱ ጥግ አምስት ሰዎች ብቅ አሉ።

"እነ ሰአዳ ናቸው! ጋሼ፣ አንተ ነህ የጠራሃቸው?" እያለች ሳቀች። ማንም መልሶ አልሳቀላትም። ሁለቱ ቀርበው ግራና ቀኝ ሲቆሙ ሳቋ ተቆረጠ። በወጉ ያደገች ልጅ ናት፣ ገባት። ስልኩ ከእጇ ወደቀ። የሚታየኝ ሰማዩና የሚናራው ጫፍ ብቻ ነበር፤ ድምጿን ግን እሰማለሁ።

"አባዬ ሞቶ ለምን አሳቅከኝ?" ትላለች። "ለምን አሳቅከኝ?"

ከቢር "በወጉ ተረዳች፤ ደግ አደረግህ" አለኝ። እኔ ደግ መሥራቴ አይታየኝም።

በሳምንቱ ደወለች። ስለ ቀብሩ አልጠየቀችኝም።

"ሚናራው ስንት ጎን አለው ብዬህ ነበር?"

"ስምንት" አልኩ በግምት።

"አሥራ አራት ነው" አለች። "አላየኸውም ማለት ነው።"

ቪዲዮውን ለማን እንደምልከው አላውቅም። ሱቁ ጭር ሲል እከፍተውና ጎኖቹን እቆጥራለሁ። እሷ ከቆመችበት የሚታዩት ሰባቱ ብቻ ናቸው። የቀሩትን ለማየት ፈይሩዝ እንደገና ይዛኝ መዞር አለባት፤ አስጎብኚኝ የምልበት አፍ ግን የለኝም።