አውቆ የወደቀበት ፈተና

የክለቡ ተጫዋቾች በየዓመቱ ልምምድ ሲጀመር አንድ ፈተና ይቀመጣሉ። ሐኪሙ ቃላት ያነብላቸዋል፤ እነሱ በቃላቸው ይመልሱለታል። ቁጥር ይጠራላቸዋል፤ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጠው ይነግሩታል። በጨዋታ መሐል ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ያንኑ ዓይነት ፈተና እንደገና ይወስዳል። ከበፊቱ ካነሰ ያርፋል፤ ካላነሰ ይሰለፋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። መልበሻ ክፍል እስኪገባ ድረስ ማለቴ ነው።

የቡድኑ አምበል በዕድሜ ስለሚበልጣቸው ሁሉም ጋሼ ይሉታል። ጋሼ ለአዲስ መጪ ሁሉ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይህ ነበር፦

«ስማኝ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ፈተና አበላሸው። ደንቆሮ ሁን። ኋላ ብትመታም ከደንቆሮ በታች አትወርድም።»

ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ይስቃሉ እንጂ ሁሉም ምክሩን ይሰሙታል።

ግንቡ የሚሉት የመሐል ተከላካይም ሰምቶታል። ግንቡ ያሉት በረዥሙ የተላከ ኳስ ግንባሩን ሳይነካ ስለማያልፍ ነው። ዘንድሮም ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ፣ የሚያውቃቸውን ቃላት እየዋጠ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ ራሱን እያከከ ጨረሰ። «እንዴት ነበር?» ሲሉት፣ «እናቴ ብታየኝ ታለቅስ ነበር» አለ።

ከዋንጫው ጨዋታ በፊት በነበረው ግጥሚያ ከተጋጣሚ አጥቂ ጋር አየር ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተላተመ። ወደቀ። ተነሣ። እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ ሁለተኛውን አጋማሽ ግን እስከ ዛሬ አያስታውሰውም። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት፣ ጀግና አለው። የት እንዳለ የማያውቅን ሰው ጀግና ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? መንገድ ላይ እንዲያ ሲንገዳገድ ቢያዩት ደግፈው ቤቱ ያደርሱት ነበር። ማሊያ ስለለበሰ አጨበጨቡለት።

በማግስቱ እራት ላይ ግንቡ በረኛቸው የቀለደውን አንድ ቀልድ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር በጥርሷ እየበጠሰች አዳመጠችው።

«ይቺን እኮ ቁርስ ላይ ነግረኸኛል» አለችው።

«ብደግምልሽስ? ጥሩ ቀልድ ናት።»

«ምሳ ላይም ነግረኸኛል።»

እየቀለደች መስሎት ቀና አለ። አልቀለደችም።

እሱም ለእሷ ያልነገራት ነገር ነበረው። የዚያን ቀን ጠዋት ልምምድ ላይ «ተመለስ! ሰውህን ያዝ!» እያለ የጠራው ባለፈው ዓመት ለሌላ ክለብ የተሸጠውን የመስመር ተከላካይ ነበር። ልጆቹ ናፍቆት ነው ብለው ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

«ነገ ሐኪሙ ሲፈትንህ ከልብህ ሞክርልኝ» አለችው። «ለእነሱ ሳይሆን ለእኔ።»

«እሺ።»

በማግስቱ ከልቡ ሊሞክር ቆርጦ ሐኪሙ ጋ ገባ። ያበላሸውን የመጀመሪያ ውጤት እጥፍ እንደሚያመጣ፣ ከዚያም ቅዳሜ ለዋንጫው ሳይሰጋ እንደሚሰለፍ እርግጠኛ ነበር። ሐኪሙ ማንበብ ጀመረ፦ «ወንበር፣ ዝናብ፣ ቁልፍ፣ ሎሚ፣ ድልድይ…»

ግንቡ ዓይኑን ጨፈነ። «ወንበር» አለ። «ቁልፍ።» ከዚያ ወዲያ ባዶ ሆነበት። ቃላቱ እዚያው አጠገቡ እንዳሉ ይታወቀዋል፤ እጁን ሲሰድ ግን የሚጨብጠው የለም። ቁጥሮቹን ሊገለብጥ ሲል መጀመሪያቸው ከመጨረሻቸው ተደባለቀበት። ጣሪያ አላየም፣ ራሱንም አላከከም።

ሐኪሙ ደስ አለው። «እንኳን ደስ ያለህ! ልክ እንደ መጀመሪያው ነው፣ አልቀነስክም። ቅዳሜ ትጫወታለህ።»

«ዶክተር፣ የመጀመሪያውን እኮ አውቄ ነው የተሳሳትኩት።»

«እሱን አልሰማሁም።»

«ሰምተውኛል።»

ሐኪሙ ሣቅ አለ። «የማላውቅ መስሎህ ነው? እንደ ውጤታችሁማ ቢሆን ግማሾቻችሁ የጫማ ማሰሪያ ማሰር አትችሉም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ይፈትኑናል?»

«ሊጉ ፈትኑ ስላለ።»

ይህን የሚለው ስለ ሰው አንጎል ዓመታት የተማረ ሰው ነው። ውሸት መሆኑን እያወቀ ይፈትናል፣ ውሸት መሆኑን እያወቀ ያሰልፋል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ደህና እንቅልፍ ይተኛል።

«ዛሬ ግን ከልቤ ነው የሞከርኩት» አለ ግንቡ።

የሐኪሙ ሣቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ለሚስቴ ቃል ገብቼ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው አትጫወትም።» ሐኪሙ ግንባሩን ዳበሰ። «ለአሰልጣኙ ምክንያቱን ከነገርኩት ደግሞ ሁላችሁንም እንደገና መፈተን አለብኝ። ይገባሃል?»

«ይፈትኑና!»

ኮሪደሩ ላይ ጋሼ የልምምድ ልብሱን ለብሶ ይጠብቀው ነበር።

«አለፍክ አይደል?»

«አለፍኩ። አልጫወትም ግን።»

የሆነውን ነገረው። የጋሼ ፊት ጠቆረ። «ምስጢሩን አወጣኸው? አንተ ሰውዬ፣ እኛን ሁሉ ሸጥከን እኮ! እስከ ቅዳሜ አፍህን ብትይዝ ምን ነበረበት? ለእኔ የመጨረሻ ዋንጫዬ ነው!»

«ጋሼ፣ ከልቤ ሞክሬ ነው ደንቆሮ የሆንኩት።»

«ደክሞህ ነው።»

«እሺ፣ አንተ አልደከመህም። ግባና ሞክር። እንደ ድሮው ሳይሆን የምርህን።»

ጋሼ ግንቡ ገና ትምህርት ቤት ሳለ ጀምሮ የጭንቅላት ኳስ ሲመታ ነው የኖረው። የበሩን እጀታ ያዘ። ውስጥ ሐኪሙ ወንበሩን ሲያስጠጋ ተሰማ። እጁን መለሰ።

«ከቅዳሜ በኋላ» አለና ወደ ሜዳው ወረደ።

ግንቡ ለሚስቱ ደውሎ መጥታ እንድትወስደው ጠየቃት፤ መኪናውን ራሱ መንዳት ፈርቷል። እስክትመጣ አጥሩ ጋ ቆሞ ልምምዱን አየ። አሰልጣኙ የማዕዘን ምት እያስለማመደ ነው። ኳሷ በከፍታ መጣች፤ ጋሼ ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ መለሳት። አሰልጣኙ አጨበጨበና ሌላ ኳስ እንዲላክ በእጁ ምልክት ሰጠ።