በአንድ ወገን የነደደው ሲጋር

የሲጋር ፋብሪካው ቀማሽ ጥቁሩን ሲጋር ገና ሳይለኩሰው የማን እጅ እንደሆነ አወቀ። በፋብሪካው ደንብ ማን እንደጠቀለለው ለቀማሽ አይነገርም። ጫፉን እንዲህ አለስልሳ የምትዘጋ ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ታላቅ እህቱ። እናታቸው ሲሞቱ እሱ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። አዝላ ያሳደገችው እሷ፣ ኋላም ለምና እዚህ ሥራ ያስገባችው እሷ። ዛሬም የሚኖሩት አንድ ቤት ነው፤ "እቴቴ" ነው የሚላት።

ጫፉን ቆርጦ ለኮሰው። ጣዕሙ እንደ ወትሮው ነው፤ የላዩ ጥቁር ቅጠል መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ ቆይቶ ምላስ ቆንጠጥ ያደርጋል። ሲጋመስ ግን እሳቱ አደላ። አንዱ ጎን ወደ ታች እየሮጠ ሲነድ ሌላው ጥሬውን ቀረ፤ አመዱም ሳይጠና ጉልበቱ ላይ ተበተነ። ሌላ ለኮሰ። ያው ነው። የውስጡ ቅጠል አንድ ቦታ ታጭቆ፣ ሌላ ቦታ ሳስቷል። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ስትነክር አይቷታል። "ብርድ ነው" ብላው ነበር።

"እህ፣ እንዴት ነው?" አለ የክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ።

ቀማሹ ጉልበቱ ላይ የተበተነውን አመድ አራገፈ። ባለፈው "ደህና ነው" ብሎ ያሳለፈላት ሲጋር ከገዢ ተመልሶ መጥቷል፤ ኃላፊውም "የዛሬን ትቼልሃለሁ" ብሎታል።

"ጣዕሙ ጥሩ ነው። አነዳደዱ ግን ልክ አይደለም፤ አጠቀላለሉ ነው" አለ ቀማሹ። "የጠቀለለችው ሴት እጇን ሳያማት አይቀርም። ወደ ቅጠል መለየት ሥራ ብትዛወር ጥሩ ነበር።"

"እሱን ለእኔ ተወው" አለ ኃላፊው። አነጋገሩ ለስለስ ያለ ስለነበር ቀማሹ ልቡ አረፈ።

ቤት ሲደርስ እህቱ የሥራ ሽርጧን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"አሰናበቱኝ" አለችው። "ቀማሹ ነው የጣለው አሉኝ።"

"እንዲያዛውሩሽ ብዬ ነው፣ እቴቴ። ውሸቴን ከሆነ አንቺን ይንሳኝ።"

"ምኑ ነው የተበላሸው?"

"በአንድ ወገን ነደደ።"

"ጣዕሙስ?"

"ጣዕሙማ ያው ያንቺ ነው።"

"የእኔ መሆኑን አውቀህ ነዋ።"

አንገቱን ደፋ።

"ዋሽልኝ አልልህም" አለች። "ግን ጣቶቼን ስታይ ከርመህ ምነው ቀድመህ ለእኔ ብትነግረኝ? ራሴ እለቅ ነበር። ተባረረች ከምባል።"

 ተነስታ እራቱን አቀረበችለት።

ብዙም ሳትቆይ ጓዟን ጠቅልላ ሴት ልጇ ዘንድ ገባች። ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። እሁድ እሁድ ሊጠይቃት ሲሄድ "ግባ" ትለዋለች፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ይጫወታሉ። ምግብ ሲቀርብ ማንኪያው ከእጇ ሲያመልጣት ያያል። አንድ ቀን ሊያጎርሳት እጁን ቢዘረጋ እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ከተተች፤ ልጇ መጥታ እስክታጎርሳትም ድረስ አፏን አልከፈተችም።