ስፒል በከንፈር

አማቴ መተተኛ ናት። ስድብ አይደለም፤ ሙያዋ ነው። «ናቸው» ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን አንቱታው ከየትም አይመጣልኝም።

«ለሳምንት ያህል» ብላ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። በመጣች ማግስት መጋረጃዬን አጣጥላ፣ ወጥ ቤቴን ገለባብጣ ስታበቃ ትንሽ ቀና ብዬ መለስኩላት። ሻይ አፍልታ፣ ማንኪያውን ወደ ግራ እያዞረች አማስላ «ጠጪ ልጄ» አለችኝ። እኔ ሞኟ እርቅ መስሎኝ ጭልጥ አደረግሁት።

ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት ከአፌ የሚወጣው ቃል የእኔ አይደለም። «እቃዬን አይንኩብኝ» ልል አፌን ስከፍት «እጅዎ ይባረክ እማማ!» እላለሁ። አንዴማ «ይውጡልኝ!» ብዬ ልጮህ ሞክሬ «ዕድሜ ይስጥልኝ!» ብዬ ጎረቤት ቀሰቀስኩ። ውስጤ ይራገማል፣ አፌ ይመርቃል።

ባሌስ? እሱን ተዉት። ቁርስ ላይ «እሺ እማዬ»፣ እራት ላይ «እሺ እማዬ»። ከእሷ ይልቅ የሚያቃጥለኝ እሱ ነበር። እኔስ ተደግሞብኝ ነው፤ እሱ ምን ሆኖ ነው?

አንድ ቀን ምሳ ላይ አማቴ እጇን እየጠረገች «የስፌት ክፍሉ ፀሐይ ይገባበታል፣ ለጉልበቴ ጥሩ ነው። ጠቅልዬ እገባበታለሁ። የስፌት መኪናውን እሁድ የሚወስድልን ሰው አግኝቻለሁ» አለች።

በዚያ መኪና ልብስ ሰፍቼ ነው ሰው የሆንኩት። ደንበኞቼ የሚመጡት እዚያ ነው፤ በዚህ ቤት የእኔ የምለው እሱን ብቻ ነው። ባሌን አየሁት።

«እሺ እማዬ» አለ።

«ምን የመሰለ ሐሳብ ነው እማማ!» አልኩ እኔም፣ እንባዬ ሳህኔ ላይ እየተንጠባጠበ።

በነጋታው የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ስር ተንበርክኬ እየለካሁ ሳለ አማቴ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። አልጋዋን የት እንደምትዘረጋ ልትለካ ነው። ሙሽራዋን ከላይ እስከ ታች አይታ «ይሄ ቀሚስ አወፈራት» አለች።

«በሩን ዘግተው ይውጡ!» አልኩ።

ሦስታችንም ደነገጥን። አማቴ ፊቷ አመድ መስሎ ወጣች። እኔም ከንፈሬን ዳሰስኩ፤ እንደ ልማዴ ስፒሎቼን ነክሻቸው ነበር። ለካ ድግምቷ ብረት አይወድም! ሻዩን ስታፈላ ሁሉን አስባለች፤ ልብስ ሰፊ ስፒሎቿን የምትይዘው በከንፈሯ መሆኑን ግን ማን ይንገራት?

እሁድ ምሳ ላይ ስፒሎቼን ነክሼ ቀረብኩ። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ስለ መጋረጃው፣ ስለ ሻዩ፣ ሳታንኳኳ ስለምትከፍተው በር። «መኪናዬን የሚነካ ወዮለት!» ብዬ ጨረስኩ።

አማቴ ወደ እኔ እንኳ አላየችም። «ልጄ፣ መኪናውን አውጣው» አለችው።

«እሺ እማዬ» አለ ባሌ።

ደሜ ፈላ። የቀረኝን ስድብ ሁሉ እሱ ላይ ላወርደው ዞር ስል ግን ዓይኑ አፌ ላይ፣ ስፒሎቹ ላይ ተተክሏል። የራበው ሰው ዳቦ እንደሚያይ ነበር የሚያያቸው። «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ይላል፤ ከጠረጴዛው ስር ግን መዳፉን ዘርግቶልኛል።

ይሄ ሰው ሻዩን የጠጣው በልጅነቱ ነው።

አንዷን ስፒል ከከንፈሬ አውጥቼ በቀሚሴ ጠረግኋትና መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ከንፈሩ መሃል አድርጎ ነከሳት።

«ተው ልጄ፣ ትወጋሃለች!» አለች አማቴ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«እማዬ» አለ። ላብ አጠመቀው። «እማዬ... አይሆንም።»

የራሱን ድምፅ ሰምቶ ደነገጠ። ከዚያ አፍ እንደፈታ ሕፃን ደጋገመው፤ «አይሆንም፣ አይሆንም»፣ ጢሙ በእንባ እስኪርስ።

አማቴ ያን ቀን ማታ ሻንጣዋን ዘግታ ሄደች። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። እስከዚያ የተናደድኩት ለራሴ ብቻ ነበር።