የሩሽዲ እንሽላሊቶች

እንሽላሊቷ ባስቡሳ ሐሙስ ዕለት በደንብ በልታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሳያት ተገልብጣ ደርቃለች። ይህቺ ሦስተኛዋ ናት! እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማሰብ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ሳጥኖቹን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ሳሎኑን ዞርኩት፣ ተመልሼ ከፈትኩ።

አምስቱም እንሽላሊቶች የባሌ ነበሩ። ሩሽዲ ከሥራ ሲገባ ከእኔ በፊት ሰላም የሚለው እነሱን ነው፤ ስንቴ ተጣልተንበታል! ከስምንት ወር በፊት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሐኪሞቹ "ልብ ነው" አሉ፤ ደህና የነበረ ልብ ለምን እንደቆመ ግን የሚነግረኝ ጠፋ። ከእሱ የተረፉኝ እንግዲህ እነዚህ ናቸው። እነሱም ካለቁ ምን ይዤ እንደምቀር አላውቅም።

ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እናቱ ሐጃ ደውለት ብቻ ነን። ሐጃ እንሽላሊት ካዩ በዐረብኛ ስሙ "ቡርስ!" ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ የገደለ ምንዳ አለው ባይ ናቸው። የሩሽዲን ግን ለልጃቸው ሲሉ እየተራገሙ ይታገሷቸው ነበር።

የመጀመሪያው ሲሞት አርጅቶ ነው። እኔ ግን በሽታ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩና በየሐሙሱ ሳጥኖቹን በፈኒክ ማጠብ ጀመርኩ፤ ያው እስክንድርያ ሁሉ ደረጃውንና መጸዳጃውን በሚያጥብበት፣ ውኃ ሲነካው እንደ ወተት በሚነጣው መድኃኒት። ንጽሕና ላይ አልታማም። ሁለተኛዋ ስትሞት ፈኒኩን ጨመርኩ። ባስቡሳ ስትሞት እጥፍ አደረግሁት።

"ልጄ፣ ይኼ ሽታ እኮ…" አሉ ሐጃ።

"በእሱ እንስሳት አይግቡብኝ!"

ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው ወጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባታታ ሞተ። ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። ዓርብ ዓርብ ትል ልገዛላቸው ገበያ እሄዳለሁ፤ ቤት የሚቀሩት ሐጃ ናቸው። ሬሳ የማገኘው ቅዳሜ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ?

"ምን አበሏቸው?" ብዬ በራቸውን በረገድኩት።

"ማንን?"

"የልጅዎን እንስሳት! በጫማ ሲያቅትዎ በመርዝ መጡ?"

"ወላሂ እጄን አላሳረፍኩባቸውም! እኔ እነሱን ልነካ? ገና ሳያቸው ነፍሴ ትወጣለች እኮ!"

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? "ሩሽዲንም የጨረሰው የእርስዎ ንዝንዝ ነው!" አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ሐጃ ሻንጣቸውን አውርደው ልብሳቸውን ማጠፍ ጀመሩ። እኔ ኩሽና ገብቼ ሰሐን አንኳኳሁ፣ የታጠበውን መልሼ አጠብኩ። የውጭው በር ሲዘጋ ወጥቼ አየሁ፤ ደመንሁር ከተማ የሚኖር ሌላ ልጃቸው ጋ መሄዳቸው ነው። የመጨረሻው እንሽላሊት የሚሽሚሽ ሳጥን ባዶ ነበር። ቆሻሻ መጣያውን ዘረገፍኩ፣ ደረጃው ሥር በርከክ ብዬ ፈለግሁ። የለም። ገድለውት ሄዱ አልኩ፤ ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ባታታን ከነሳጥኑ ይዤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሮጥኩ። መርዙን በወረቀት ጽፎ እንዲሰጠኝ፣ ወረቀቱን ሐጃ ፊት ላይ ልወረውረው! ሐኪሙ ሳጥኑን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ፊቱን አዞረ።

"እህቴ፣ ይኼን በምንድን ነው የምታጥቢው?"

"በፈኒክ ነዋ! በየሳምንቱ!" አልኩት ኮራ ብዬ።

ወጣቱ ሐኪም ጥፋቴን እንዴት እንደሚነግረኝ ጨንቆት ብዕሩን ያገላብጥ ጀመር። "ፈኒክ መርዝ ነው፤ በቆዳቸውም በትንፋሻቸውም ይገባል" አለኝ በመጨረሻ። "ሊገድላቸው የሚፈጅበት አንድ ሁለት ቀን ነው።"

ሐሙስ አጥባለሁ፣ ቅዳሜ እቀብራለሁ። እኔው ነኝ። በገዛ እጄ!

እንዴት ሚኒባስ ውስጥ እንደገባሁ አላስታውስም። እስከ ደመንሁር ድረስ ጎኔ የተቀመጠችው ሴት "ኧረ እርጊ፣ ወንበሩ ተነቃነቀ" እያለች ሄደች። በሩን የከፈቱልኝ ሐጃ ራሳቸው ናቸው። አንድ እጃቸው ላይ የሩሽዲን ግራጫ ካልሲ አጥልቀዋል።

"ሐጃ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ ፈኒኩ ነው…"

"እኔን ትነግሪኛለሽ? ስድሳ ዓመት ሙሉ ቡርስ ከቤቴ ያባረርኩት በፈኒክ ነው! ልነግርሽ አፌን ስከፍት አዘጋሽኝ።"

ጠረጴዛው ላይ የኩኪስ ቆርቆሮ አለ፤ ክዳኑ በሚስማር ተበሳስቷል። ከፈትኩት። ሚሽሚሽ ቀና ብሎ አየኝና ዐይኑን ላሰ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ።

"እንዴት ያዙት?" አልኩ ስረጋጋ።

"ዐይኔን ጨፍኜ!" ካልሲውን አሳዩኝ። "የልጄን ነገር እዚያ ሽታ ውስጥ ትቼ ልሂድ? ከትናንት ጀምሮ ዝንብ ሳሳድድለት ወገቤ ተቆረጠ፣ ይኼ ጌታ ግን አፉን አይከፍትም።"

"ሐጃ፣ ስለ ሩሽዲ የተናገርኩት…"

ፊታቸው ጠቆረ። ካልሲውን ከእጃቸው አውልቀው ወረወሩልኝ።

"እሱን ገና ይቅር አላልኩሽም" አሉ። "መጀመሪያ ይኼን ጌታ አብዪልኝ።"