ወደ ቀኝ

"ዝለል! ዝለል እንጂ ወንድምዬ!"

ዘገየ። ሰማያዊ ቆብ ያደረገው ሰውዬ ገደል ገባ፤ ቴሌቪዥኑም የሽንፈቱን ሙዚቃ አሰማ።

እህትና ወንድም ከጥገና ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ሆድ ዕቃቸው በተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች መሃል አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ጌሙ የልጅነታቸው ነው፤ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ወንድሟ በየጊዜው እየበየደ እስከ ዛሬ አቆይቶታል። ሁለት ባለቆብ ሰዎች ጎን ለጎን ወደ ቀኝ ይሮጣሉ። አንዱ ወደ ኋላ ከቀረ ስክሪኑ ንቅንቅ አይልም።

"ነፍሴ አለቀች" አለ።

"ከእኔ ውሰዳ! ቀይዋን ተጫን።"

ቀይዋን ቁልፍ የተጫነ ከጓደኛው ላይ አንድ ነፍስ ይወስዳል፤ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ልጅ ሳሉ በዚህች ቁልፍ ስንቴ ዘርፏታል፤ እሷም ስንቴ "እማዬ፣ ነፍሴን ሰረቀኝ!" እያለች ቤቱን በጩኸት አናውጣለች። አሁን ግን ጣቱን ከቁልፏ ላይ አነሣ።

"አልፈልግም ሚጣ። ይቅርብኝ።"

ሚጣ ክው አለች። ወንድሟ ኩላሊቱ ከተበላሸ ወዲህ ደሙ በማሽን እየታጠበ ነው የሚኖረው፤ ክንዱ በመርፌ ብዛት አባብጧል። የእሷ ኩላሊት እንደሚስማማው ሐኪሙ ነግሯቸው፣ ነገ ሄዳ ትፈርማለች ተብሎ ይጠበቃል። እሷ ግን ዛሬ የመጣችው አልሰጥም ልትለው ነው። ቃሉ ከአፏ አልወጣ ሲላት "እስቲ ጌሙን ክፈተው" ያለችውም ራሷ ነች።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ብርቱካን ይዘሽ መጣሽ። ብርቱካን ለእኔ ክልክል እንደሆነ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ያህል ምን አስጨነቃት አልኩ።"

"ልጆቼ ትንንሽ ናቸው ወንድምዬ። ባሌም 'አንድ ነገር ብትሆኚ' እያለ..." አልጨረሰችውም።

ባሏ "እንደ ልብሽ" ከማለት በቀር ምንም አላለም። የፈራችው እሷው ናት። ቢላውን ፈራች፤ በመፍራቷም አፈረች።

"አውቃለሁ። አይዞሽ" አላት።

ይህች "አይዞሽ" ከስድብ ይልቅ አንገበገበቻት። እጇን ሰድዳ የእሱን ቀይ ቁልፍ ራሷ ተጫነችለት። ሰማያዊው ቆብ ከላይ ዱብ ብሎ ከእሷ ቢጫ ቆብ ጎን ቆመ። የእሷም ነፍስ ከሁለት ወደ አንድ ወረደች።

"ይቺን እንኳ እምቢ አትበለኝ" አለችው እያለቀሰች።

ወንድሟ ሳቀ። እንደ ድሮው፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ከዚያ ሰውዬውን ገደሉ አፋፍ ድረስ ወሰደው፤ መዝለያው ሲደርስ ግን አልዘለለም። ዝም ብሎ ተራምዶ ገደል ገባ።

"ምን ማድረግህ ነው!"

"ክንዴ ዛለ" ብሎ ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀመጠው። "አንቺ ቀጥዪ። እኔ ከሌለሁ ስክሪኑ ይሄድልሻል። የዚህን ጌም መጨረሻ አይቼው አላውቅም፤ እስቲ አሳዪኝ።"

ሚጣ ቀና ብላ አላየችውም። ቢጫው ቆብ ብቻውን ቆሟል፤ ከላይ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። ጆይስቲኩን ጥላ ብትነሣ አቅፎ እንደሚያባብላት ታውቃለች፤ ያንን ደግሞ አትችለውም። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና የቀኙን ቁልፍ ተጫነች።

ስክሪኑ ሄደ።